የፖለቲከኛው ድጋፍና የፊልሙ ትኬት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በየዓመቱ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ለኦስካር የታሰቡ ከበድ ያሉ ፊልሞች ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ስለ ፖለቲከኞች ናቸው። አሜሪካኖች ደግሞ ሕዝቡ ስለ ፖለቲከኞቹ ምን እንደሚያስብ ሲለኩ ነው የሚከርሙት። ታዲያ የሰውየውን ድጋፍ አይቶ ፊልሙ ያዋጣል ወይ ይከስራል ማለት አይቻልም? ፊልሙስ በተራው የሕዝቡን ሐሳብ ይቀይራል?»

የፊልም ገቢ መከታተል ሥራዬ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ዓመት የለም። የመጀመሪያው መልስ አይቻልም ነው። የድጋፍ ቁጥሩ የሚነግረን ነገር አለ፤ ግን ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነገር ነው። ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በዶላር ነው።

መጀመሪያ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ዲክ ቼኒ ከምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወርዱ፣ በጃንዋሪ 2009፣ በሲቢኤስና በኒውዮርክ ታይምስ ጥናት ድጋፋቸው 13 በመቶ ነበር። ከዚህ በታች መውረድ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ግን 13 በመቶ ስንት ሰው ነው? ከአሜሪካ አዋቂ ሕዝብ ሲሰላ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው። አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። ስለ እሳቸው የተሠራው «ቫይስ» በ2018 የገና ዕለት ወጣ። አሜሪካ ውስጥ 48 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። ያኔ ትኬት በአማካይ 9 ዶላር አካባቢ ስለነበር ፊልሙን ያየው ከ5 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው የጠላቸው ቼኒ እንኳን የፊልሙን ተመልካች አምስት ስድስት እጥፍ የሚሆን ደጋፊ ነበራቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ሲኒማ ቤት ለመሙላት የብዙኃን ፍቅር አያስፈልግም። የብዙኃን ጥላቻም አያግድም። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። መመለስ በነጻ ነው። ፊልም ግን ሰውየው ልብሱን ለብሶ፣ ልጁን ለሰው አስይዞ፣ መኪና ማቆሚያ ከፍሎ፣ ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ለዚህ የሚነሣው ጥቂት ሰው ነው። ጥያቄው እሱን ከሶፋው የሚያስነሣው ምንድን ነው የሚለው ነው።

የ«ቫይስ»ን ሒሳብ እንጨርስ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በጀቱ 60 ሚሊዮን ነበር። በዓለም ዙሪያ 76 ሚሊዮን ሸጠ። «አሃ፣ 16 ሚሊዮን አተረፈ» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። አላተረፈም። ከትኬቱ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቱ ነው የሚወስደው። ለፊልሙ ባለቤቶች የገባው 38 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ከበጀቱ ውጪ ነው፤ ለኦስካር የሚደረገው ቅስቀሳ ብቻውን ብዙ ገንዘብ ይበላል። ፊልሙ ስምንት የኦስካር እጩነት አግኝቶ በሜካፕና በፀጉር ሥራ አንድ አሸነፈ። ክርስቲያን ቤል ቼኒን መስሎ ሳይሆን ሆኖ ነው የሠራው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት፣ ከ1979 ጀምሮ ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ካርድ እየሰጠ ውጤት የሚያስሞላው፣ ለ«ቫይስ» ያገኘው ሲ ፕላስ ነው። በፊልም ገበያ ሲ ፕላስ ማለት ተመልካቹ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ለባልደረባው «ሂድና እየው» አይልም ማለት ነው። የቼኒ ደጋፊ መጀመሪያውኑ አልመጣም። የሚጠላው ሰው መጥቶ የሚያውቀውን ነገር ሰማ፤ ከሚጠላው ሰው ጋር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ተቀምጦ ወጣ።

የእኔ ሐሳብ ዋናው እዚህ ጋ ነው። ሕዝብ የሚጠላውን ፖለቲከኛ ሲታደን ለማየት ይከፍላል። አብሮት ለመቀመጥ ግን አይከፍልም።

ፕሬዚዳንት ኒክሰንን እንውሰድ። በኦገስት 1974 ሥልጣን ሲለቁ ድጋፋቸው 24 በመቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1976 ጸደይ፣ «ኦል ዘ ፕሬዚደንትስ ሜን» ወጣ። 8.5 ሚሊዮን የፈጀ ፊልም አሜሪካ ውስጥ 70 ሚሊዮን አስገባ። በፊልሙ ውስጥ ኒክሰንን የሚጫወት ተዋናይ የለም። ሰውየው በቴሌቪዥን ምስል ብቻ ነው የሚታዩት። ፊልሙ ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደውን የዋተርጌት ቅሌት ስለተከታተሉ ሁለት ጋዜጠኞች ነው፤ ሮበርት ሬድፎርድና ደስቲን ሆፍማን ስልክ ሲደውሉ፣ በር ሲያንኳኩ፣ ማስታወሻ ሲይዙ ነው የምናየው። ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቀዋል። የማያውቀው እንዴት እንደተያዘ ነው፤ የከፈለውም ለዚያ ነው።

በ1995 ደግሞ ኦሊቨር ስቶን «ኒክሰን»ን አመጣ። አንቶኒ ሆፕኪንስን የመሰለ ተዋናይ፣ 44 ሚሊዮን በጀት፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ርዝመት፣ አራት የኦስካር እጩነት። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 14 ሚሊዮን አይሞላም። ኒክሰን ከሞቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር፤ የቀብራቸው ሰሞን ሰው ስለ እሳቸው ረገብ ብሎ ነበር የሚያወራው። በድጋፍ ቁጥር ብንሄድ 1995 ከ1976 የተሻለ ዓመት መሆን ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው።

ደንቤን የሚያበላሽ ፊልም መኖሩን ግን አልደብቅም። በ2008 የወጣው «ፍሮስት ኒክሰን» እውነተኛ አደን ነው፤ ጋዜጠኛው ኒክሰንን ወንበር ላይ አስቀምጦ ያፋጥጣቸዋል። ለምርጥ ፊልም ታጭቷል። በጀቱ 25 ሚሊዮን፣ የአሜሪካ ሽያጩ 19 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም። ለምን? ያ ቃለ መጠይቅ በ1977 በቴሌቪዥን ተላልፏል። ሰው በነጻ አይቶታል።

ሁለተኛው ነገር ይኸው ነው፦ በነጻ የተጠገበ ነገር በገንዘብ አይሸጥም። ለዚህ ከክሊንተን የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በጃንዋሪ 1998 የሞኒካ ሌዊንስኪ ጉዳይ ፈነዳ። በዚያው ሰሞን ሁለት ፊልሞች ነበሩ። አንደኛው «ዋግ ዘ ዶግ» ነው፤ ቅሌት ውስጥ የገባን ፕሬዚዳንት ለማዳን የሌለ ጦርነት በስቱዲዮ ስለሚፈበርኩ ሰዎች። ወሬው ሳይወጣ በገና በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ጀምሮ ነበር። ሌላው «ፕራይመሪ ከለርስ» ነው፤ ጆን ትራቮልታ ክሊንተንን ቁርጥ የሚመስል ገዥ ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ የሴት ጉዳይም ሲከተለው። ይህኛው በማርች 20 ወጣ፣ ወሬው ሁለት ወር ሲሆነው።

ያኔ የክሊንተን ድጋፍ ከ60 በመቶ በላይ ነበር። ቅሌቱ ጭራሽ ከፍ አደረጋቸው፤ በዲሴምበር ምክር ቤቱ ሲከሳቸው 73 በመቶ ደረሱ። ፕሬዚዳንቱ አንድ፣ ቅሌቱ አንድ፣ ወራቱም ያው። «ዋግ ዘ ዶግ» በ15 ሚሊዮን ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ 43 ሚሊዮን አስገባ። «ፕራይመሪ ከለርስ» በ65 ሚሊዮን ተሠርቶ 39 ሚሊዮን። የትኬት ሽያጫቸው ተቀራራቢ መሆኑን ልብ ይበሉ። ልዩነቱ በጀቱ ነው። ትራቮልታ የሚያሳየውን ነገር ሲኤንኤን ቀንና ሌሊት ያሳይ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ 65 ሚሊዮን ማውጣት አያስፈልግም። «ዋግ ዘ ዶግ» ግን ቴሌቪዥኑ የማያሳየውን፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ነበር የሚቀልድበት። በኦገስት ክሊንተን ሱዳንና አፍጋኒስታን ላይ ሚሳይል ሲተኩሱ፣ ካርቱም ያለው የመድኃኒት ፋብሪካ ሲመታ፣ የፊልሙ ስም በጋዜጠኞች አፍ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም፤ የሚያሳዝነው ግን ፊልሙ ያኔ ከሲኒማ ቤት ወጥቷል።

ስለ ጆርጅ ቡሽ የተሠሩት ሁለት ፊልሞች ሌላ ነገር ያሳያሉ። ድጋፋቸው በሴፕቴምበር 2001 90 በመቶ ነበር። በኦክቶበር 2008 ወደ 25 ወረደ። «ፋረንሃይት 9/11» የወጣው መሐል ላይ፣ በጁን 2004፣ አገሩ እኩል ለሁለት ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ ነው። ዶክመንተሪ ነው፤ 6 ሚሊዮን ፈጅቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 119 ሚሊዮን አስገባ። «ደብሊው» የወጣው በኦክቶበር 2008፣ ቁጥሩ ወለሉ ላይ ሲሆን ነው። በጀቱም የአሜሪካ ሽያጩም 25 ሚሊዮን አካባቢ፤ በግማሽ ሲካፈል ኪሳራ ነው። ቡሽ ይበልጥ በተጠሉ ጊዜ እሳቸውን የሚተች ፊልም ይበልጥ መሸጥ ነበረበት አይደል? 25 በመቶ ማለት ግን ክርክሩ አልቋል ማለት ነው። አራት ሰው ሲቀመጥ ሦስቱ ተስማምተዋል፤ ማንን ለማሳመን፣ ማንን ለማናደድ ይሂድ? በ2004 ግን ትኬት መቁረጥ ራሱ ድምፅ መስጠት ነበር።

«ፋረንሃይት» ሌላም ነገር ነበረው። ሴፕቴምበር 11 ጠዋት ቡሽ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሳራሶታ ከተማ፣ አንድ የሕጻናት ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛው ሕንጻ መመታቱ በጆሯቸው ሹክ ተባለላቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰባት ደቂቃ ያህል ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ቆዩ። ፊልሙ ያንን ቅጂ አምጥቶ ሰዓት እየቆጠረ አሳየ። ምስሉ የመንግሥት ሚስጥር አልነበረም። ግን አብዛኛው ሰው እንዲህ ረዘም አድርጎ አላየውም ነበር። ተመልካቹ ሲወጣ የሚያወራው ነገር ይዞ ወጣ። የዲዝኒ አለቆች ፊልሙን ቅርንጫፋቸው ሚራማክስ እንዳያከፋፍል መከልከላቸው ደግሞ ጉጉቱን አባሰው።

ክልከላ ሁሌ ይጠቅማል ብለው እንዳያስቡ። በ2024 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየው «ዘ አፕረንቲስ» ስለ ወጣቱ ዶናልድ ትራምፕ ነው። የትራምፕ ወገን እንከሳለን አለ፤ ትልልቆቹ አከፋፋዮች እጃቸውን ሰበሰቡ። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ድርጅት ወስዶ በኦክቶበር 11፣ ምርጫው አንድ ወር ሳይቀረው፣ ከ1,700 በላይ ሲኒማ ቤቶች አስገባው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ 1.6 ሚሊዮን ገደማ። ይህን ለሲኒማ ቤቶቹ ያካፍሉትና ለእያንዳንዱ ሺህ ዶላር እንኳን አይሞላም። በትኬት ሲታሰብ፣ ከዓርብ እስከ እሑድ አንድ ሲኒማ ቤት መቶ ሰው እንኳን አላገኘም። ሁለቱም ዋና ተዋናዮች በኋላ ለኦስካር ታጩ፤ ትኬቱን ግን አላዳነውም። ክርክሩ እንደ 2004 የጋለ ነበር። ግን ትራምፕ በየሰዓቱ ስልካችን ላይ ናቸው። የሚጠላው ሰው ከእሳቸው እረፍት ነው የሚፈልገው፣ የሚወደው ደግሞ ይህን ፊልም አይነካውም።

ምርጫን ተደግፎ ፊልም ማውጣት አደገኛ ነው የምለው ለዚህ ነው። በ2018 ለፕሬዚዳንትነት ስለተወዳደረ ፖለቲከኛ የተሠራው «ዘ ፍሮንት ራነር» በምርጫው ዕለት፣ በኖቬምበር 6፣ ወጣ። ሂው ጃክማን አለበት፣ 25 ሚሊዮን ፈጅቷል። በዓለም ዙሪያ 3 ሚሊዮን ምናምን። በዚያን ቀን ሰው ውጤት ሲጠብቅ ነበር።

ስቲቨን ስፒልበርግ ይህን ያውቅ ነበር። በ2012 ምርጫው ኖቬምበር 6 ሆነ፤ «ሊንከን» በሦስተኛው ቀን ወጣ። አወጣጡም ቀስ በቀስ ነበር። መጀመሪያ 11 ሲኒማ ቤት ብቻ። በሦስት ቀን 944 ሺህ፣ ለአንድ ሲኒማ ቤት 85 ሺህ ዶላር ገደማ። ከላይ ካለው ሺህ የማይሞላ ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ትኬት አለቀ የሚለው ወሬ ሲዛመት በሳምንቱ 1,775 ቦታ አስገቡት፤ 21 ሚሊዮን መጣ። መጨረሻው አሜሪካ ውስጥ 182 ሚሊዮን፣ በጀቱ 65። ተመልካቹ ለሲኒማስኮር የሰጠው ኤ ነው።

ሊንከንማ ሁሉም ይወደዋል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሪፐብሊካኖቹ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታችን ነው ይላሉ፤ ዲሞክራቱ ኦባማ ደግሞ በ2009 ቃለ መሐላ የፈጸሙት በሊንከን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። ግን ፍቅር ብቻውን አይሸጥም። የፊልሙ ብልሃት የሰውየውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት አለመተረኩ ነው። ባርነትን የሚከለክለው ማሻሻያ በጃንዋሪ 1865 በምክር ቤቱ እንዲያልፍ ድምፅ እንዴት እንደተለቀመ ነው የሚያሳየው። ሥልጣን ማደል፣ መለማመጥ፣ ማስፈራራት። ሰው ሐውልቱን ያውቀዋል፤ ይህን አያውቅም ነበር።

ፍቅር ብቻውን እንደማይሸጥ የሚያሳየው ማንዴላ ነው። በዓለም ላይ ከእሳቸው ይበልጥ የተወደደ ፖለቲከኛ መጥራት ይከብዳል። እኛም ብንሆን በ1962 ኮልፌ ሠልጥነው ስለሄዱ የራሳችን ናቸው የምንል ሰዎች ነን። በ2013 ሙሉ ሕይወታቸውን የሚተርክ ፊልም በ35 ሚሊዮን ተሠራ። ዲሴምበር 5 ለንደን ላይ ልዑላኑ በተገኙበት እየተመረቀ ሳለ ማንዴላ አረፉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀብራቸው አሥር ቀን ሙሉ የዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ስለ እሳቸው ነበር፤ ያውም በነጻ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ የሸጠው ከበጀቱ በታች ነው፣ 28 ሚሊዮን ገደማ። ከአራት ዓመት በፊት የወጣው «ኢንቪክተስ» ግን 122 ሚሊዮን አስገብቶ ነበር። ያ የአንድ የራግቢ ዋንጫ ታሪክ ነው፤ ማንዴላ አንድ ነገር ፈልገው ይሳካላቸው ይሆን ብለን የምናይበት።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ማርጋሬት ታቸርን ደግሞ አገራቸው ግማሹ ያመልካቸዋል፣ ግማሹ ስማቸውን መስማት አይፈልግም። «ዘ አይረን ሌዲ» በ13 ሚሊዮን ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ 115 ሚሊዮን ሸጠ። በእሳቸው ዘመን የነበረውን የማዕድን ሠራተኞች አድማ ያልኖረ የውጭ አገር ተመልካች የሄደው ሜሪል ስትሪፕን ለማየት ነው። በ13 ሚሊዮን በጀት ደግሞ መክሰር ከባድ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ፊልም አምጥቶ «ያዋጣል?» ቢለኝ የሰውየውን ድጋፍ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ በጀቱን። ቀጥሎ ፊልሙ ተመልካቹን ከማን ጎን ያስቀምጠዋል? ሰውየው በዚያ ሰሞን በዜና ስንት ሰዓት ይታያል? ከዚያ ድጋፉን ሳይ የምፈልገው ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ማለቱን ሳይሆን ክርክሩ መሞቅ አለመሞቁን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ፊልሙ የሕዝቡን ሐሳብ ይቀይራል ወይ የሚል ነው። በቀላሉ አይቀይርም። ያ ሁሉ ሕዝብ «ፋረንሃይት»ን ባየ በአምስተኛው ወር ቡሽ 50.7 በመቶ ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። «ዘ አይረን ሌዲ» ታቸርን አርጅተው፣ ማስታወስ አቅቷቸው፣ ሆድ በሚያባባ መልክ ነበር ያሳየው። ዓመት ከምናምን ቆይቶ በኤፕሪል 2013 ሲሞቱ፣ የሚጠሏቸው እንግሊዞች የጠንቋይዋን ሞት የሚያከብር የድሮ የፊልም ዘፈን እየገዙ በአገሩ የዘፈን ሰንጠረዥ ሁለተኛ አደረሱት።

አንዳንዴ ግን ፊልም ቀድሞ የነበረን ሐሳብ ወደ ተግባር ይገፋል። የኦሊቨር ስቶን «ጄኤፍኬ» በዲሴምበር 1991 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ኬኔዲን የገደለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚለው እምነት አዲስ አልነበረም። ጋላፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት በ1976 ሲጠይቅ 81 በመቶው እንዲያ ብሎ ነበር። ፊልሙ ያደረገው ሰዉ «ታዲያ ሰነዱ ለምን ተደበቀ?» ብሎ እንዲጮህ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1992፣ ሰነዶቹ በ25 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ እንዲወጡ የሚያዝ ሕግ ተፈረመ። ቀነ ገደቡ በ2017 ደረሰ፤ ከዚያም ተራዘመ። እስከ ማርች 2025 ድረስ ገና እየወጡ ነበር።